ሦስት መቶ አርባ፣ ወይም ከዚያ በላይ

ከጥምቀት ማግስት ነው፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣
ባጃጅ አወረደኝ ከጭምባው መንገድ።
«ወዲያማ ረግረግ ነው፣ አልሄድም» አለና
ዞረ ባለባጃጁ በመጣበት ጎዳና።

ጣና አይታይም፣ ጉም ለብሶ ተኝቷል፤
ታንኳው በጉም ሰጥሞ ቀዛፊው ይታያል፣
ውሃ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ይመስላል።

በኪሴ የልየው የቆጠራ ደብተር፤
ሃያ ሁለት ጥር፣ በእርሳስ፣ በቁጥር።
ልየው ተብሎ ስሙ፣ ዓይኑን ሞራ ጋርዶ፣
ዘንድሮ ከቤት ዋለ፣ እኔን በእግሩ ሰዶ።
«አትቸኩል» ነው ያለኝ ስንሰነባበት፣
«ግንድ እስክትመስል ቁም በቆምክበት መሬት፤
አይተው ይርሱህ በፊት። ያኔ ቁጠር። ያኔም
ትክክለኛ ቁጥር ብሎ ነገር የለም።»

ቆምኩ።
ሁለት ይብራ መጡ እየተነታረኩ።
ሳቢሳ ከበሬው ትከሻ ወረደች፣
አንዲት ባለረጅም ጣት በእምቦጩ ላይ ሄደች፤
እኛ ከተሜዎች በማጭድ፣ በመኪና
ዘምተንበት ያልጠፋው ያ አረም፣ እንደገና
ለእሷ ድልድይ ሆኗል። ጻፍኳት። ቀጠልኩና
አንዲት ኮሳሳ ወፍ፣ ስሟን የማላውቃት፣
ከደንገሉ ጫፍ ላይ ነፋስ ሲያወዛውዛት
«ትንሽዬ፣ አንድ» ብዬ ደብተሩ ላይ ጻፍኳት።

ከዚያ ድምፅ ተሰማ፣
ዝገት የበላው በር ሲከፈት በጨለማ
የሚያሰማው ዓይነት። ጉሙ ተገለጠ፤
ሐይቁ ሲሸሽ የተዘራው ሽምብራ ተንቀጠቀጠ፤
ግራጫው ሁሉ ሽመላ፣
ሽመላው ሁሉ አንገት፣ ጎንበስ ቀና የሚል ከወደ ኋላ።
አንድ ብዬ ያዝኩ፣ ዐሥር፣ መቶ፣ ሁለት መቶ፣
ሦስት መቶ አርባ ላይ አንድ ድንጋይ መጥቶ
በጆሮዬ ሥር አለፈ።
ማሳው ከነቁጥሩ ሰማይ ላይ ሰፈፈ።

«የማንን ትቆጥራለህ?» የሚል ድምፅ ከኋላ፤
አንጓች፣ ወንጭፍ በእጇ፣ ጋቢዋን ጠቅልላ።
«የማንም አይደሉም። መቁጠር ብቻ ነው።»
«የማንም ካልሆኑ ሽምብራዬን ማነው
ሌሊቱን ያደረ ሲለቅም?»
መልስ የለኝም። ምንም።

መነጽሩን ሰጠኋት፣ ሌላ ምን ልስጣት?
ገልብጣ አየችበት፣ ፊቷን ሳቅ ሞላት፦
«እሰይ፣ ሸሹልኝ!» አለች፣ «አገር ለቀው ጠፉ!»
አዙሬ ሰጠኋት። ሽመላዎቹም አረፉ።
ዝም አለች።
ብዙ ቆየች።
«ዓይኑ ደም ይመስላል፣ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው።
እግሩ ላይ ቀለበት… ይህንን ማን አጨው?»
«ከበረዶ አገር ነው፣ እንዲለዩት አስረው
የለቀቁት» አልኳት። «ብርዱን ሸሽቶ ነው።»
«ታዲያ እዚያ ታጭቶ፣ እዚያ ቀለበት አስሮ፣
ሰርጉን በእኔ ሽምብራ ደገሰው ዘንድሮ!»

ደብተሩን አሳየኋት፦ «ሦስት መቶ አርባ።»
«ከወፍጮው ማዶ ያለው በሂሳብህ ይግባ፤
ማታ ያባረርኩት።»
«ስንት ነው?»
«ወፍ ሳባርር ልቁጥር?»
«ወይም ከዚያ በላይ» ብዬ ጻፍኩ ከቁጥሩ ሥር።

ስለ ልየው ዓይን ነገርኳት። ሰማች።
ጎንበስ ብላ አንድ እቅፍ እሸት ነቀለች፣
«ለላከህ ሰው ስጠው» አለች።
ወዲያው ወንጭፏን አሾረች፤
ድንጋዩ ከመንጋው ጎን ወደቀ።
አውቃ ነው? ስታ ነው? እሷው ናት የምታውቀው።

ማታ፣ ልየው ደጅ።
«መጡ?» አለኝ። «መጡ።»
ጣቶቹ እሸቱን መፈልፈል አመጡ፣
ከአንዱ ሽፋን አንድ፣ ከአንዱ ሁለት ፍሬ፣
ቁጥሩን አልጠየቀኝ፤ እኔው ነኝ የነገርኩት ጀምሬ።
«አንዱ ቀለበት አለው» ስለው
ጣቱ ቆመ። «የቱ እግሩ ላይ ነው?»

እኔ አላየሁም።
ያየችው አንጓች ናት።
ደብተሩን ገለጥኩና፣ «ቆጣሪ» በሚለው ቦታ፣
ከስሜ በላይ፣ በእርሳስ፣ ጻፍኳት።